ዝምታው የመስመሩ ነው

ሐምሌ፣ ባሕር ዳር

ዛሬ በሥራ ግምገማ ላይ ደሴ ስለምትሠራው ባልደረባዬ «በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ስትጠየቅ ቶሎ አትመልስም፤ ተሳትፎዋ ደካማ ነው» ተባለ። ከተባለ ጀምሮ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው። ነገር ቶሎ የሚገባት፣ መልስ የማይቸግራት ሰው ናት።

ሰው ፊት ለፊት ሲጫወት አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀጥል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም በስልክ ንግግር ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ኔትወርክ ሲደክም ግን ጥያቄው ዘግይቶ ይደርሳታል፤ መልሷም ዘግይቶ ይመለሳል። እርሷ ወዲያው መልሳለች፤ አዲስ አበባ ሆነው የሚሰበሰቡት ባልደረቦች የሰሙት ግን ዝምታ ነው። ዝምታውን ለመሙላት አንዱ ሲናገር ድምፃቸው ይደራረባል፤ «ይቅርታ፣ ቀጥል» ብላ ትተወዋለች። ይህ በየስብሰባው ሲደጋገም ማን ይናገራል?

ካሜራዋንም የምትዘጋው መስመሩ እንዳይቆራረጥባት ነው።

ከሥራ በኋላ በጣና ዳር ስሄድ ሁለት ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዱ የመሬት ክርክር ይተርካል፤ ሌላው ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል በየመሐሉ አየር ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ «እህ» ይላል። ተራኪው በዚያች ትንፋሽ ብቻ መደመጡን አውቆ ይቀጥላል። እኛም ያደግነው እንዲህ እየተደማመጥን ነው። የስብሰባ ፕሮግራሞቹ ግን ጫጫታ ለማጥፋት ሲሉ እንዲህ ያለችውን ትንፋሽ ብዙ ጊዜ አብረው ይቆርጧታል። እርሷ «እህ» እያለች ስትሰማ የዋለችውን ማን ያውቅላታል?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቸገር ሥራችን እንዳይቆም ያደረገው ተራ ስልክ ነበር። ባልደረባዬ የሪፖርት ቁጥሮችን በቃል እየነገረችኝ በወረቀት እጽፍ ነበር። ከቁጥሩ በፊት ግን የእናቷ ጤና፣ የእኔ ልጆች፣ የዝናቡ ነገር ይቀድማል። ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ስታመነታ ለይቼ የማውቃት ያኔ ስለተደዋወልን ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ መደዋወሉን ሁላችንም እርግፍ አድርገን ተውነው፤ በቴሌግራም «እሺ» መጻፍ ይበቃናል። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ፋይል በቅጽበት ይደርሳል። አዲስ የተቀጠሩት ባልደረቦች ግን እርሷን የሚያውቋት በዚያ «እሺ» እና በዚያ ዝምታ ብቻ ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ለኃላፊያችን ደውዬ ጥያቄዎቹ በስብሰባው ዋዜማ በጽሑፍ እንዲላኩ፣ መስመሩ የሚደክምበት ሰውም ቅድሚያ እንዲናገር ጠየቅሁት። «በሚቀጥለው እንሞክረው» አለኝ፤ መልካም ነው። በግምገማ ቅጹ ላይ ስለ ተጻፈው ስጠይቀው ግን «እሱ አልፏል» ብሎ ሊዘጋው ፈለገ። ለእኔ አላለፈም። የደረጃ እድገት የሚታየው ያንን ቅጽ ይዞ ነው፤ ሰኞ ጠዋት እንዲታረም በጽሑፍ አመለክታለሁ።