ዴክ ውስጥ የገባ ካሴት ሁሉ አይታይም

ፒያሳ አካባቢ ካሴት ወደ ፍላሽ ወደሚገለብጡ ሱቆች የሠርግና የምርቃት ካሴት ይዘው የሚሄዱ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ካሴቱ የምን ዓይነት እንደሆነና በየትኛው የቴሌቪዥን ሥርዓት እንደተቀረጸ ማወቅ ነው።

በየቤታችን የሚገኘው በአብዛኛው ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ቪኤችኤስ ነው። ሶኒ ከዚያ በአንድ ዓመት ቀድሞ ያቀረበው ቤታማክስ የክሩ ስፋት እኩል 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ካሴቱ አነስ ያለና አቀራረጹም የተለየ በመሆኑ የአንዱ ዴክ ሌላውን አያጫውትም። በትንንሾቹ የካሜራ ካሴቶች ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪኤችኤስ-ሲ ክሩ ያው የቪኤችኤስ ክር ስለሆነ በአዳፕተር ተደርጎ ተራ ዴክ ውስጥ ይገባል፤ የቪዲዮ ኤይት ክር ግን ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አዳፕተር የለውም፤ አለኝ የሚል ነጋዴ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። እሱን የሚያጫውተው የራሱ ካሜራ ወይም እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው የሃይ ኤይት ካሜራ ነው።

ከሁሉም የሚያደክመው ግን መልኩ አንድ ሆኖ ሥርዓቱ የሚለያየው ነው። አክስቴ ከአሜሪካ የላኩልን የክርስትና ካሴት ከእኛው ካሴት በምንም አይለይም ነበር፤ ዴኩ ውስጥ ሲገባ ግን ቀለም አልባ ምስል ወደ ላይ እየተንከባለለ ይታይ ጀመር። የእኛ አገር ሥርዓት 625 መስመር ያለው ፓል ሲሆን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመር አለው፤ የክሩም ፍጥነት ይለያል፤ በፓል በሰከንድ 23.39፣ በኤንቲኤስሲ ደግሞ 33.35 ሚሊ ሜትር ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቲ-120 ባዶ ካሴት እዚያ 2 ሰዓት ብቻ ሲቀርጽ እዚህ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቲ ወይም ኢ የሚናገረው ባዶው ካሴት ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ እንጂ በምን እንደተቀረጸ አይደለም።

ዴካቸው ኤንቲኤስሲ ያጫውታል የሚሉ ባለሱቆች አይዋሹም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የፓል ዴኮች ምልክቱን የሚያወጡት የፓልን ቀለም ከኤንቲኤስሲ የምስል ፍጥነት (60 ኸርዝ) ጋር ቀላቅለው ስለሆነ ቴሌቪዥን ላይ በደህና የታየው ምስል ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ዴኩ ኤንቲኤስሲን ሳይቀይር እንዳለ ያወጣ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የአምስት ደቂቃ ናሙናም አስገልብጠው በኮምፒውተር ይመልከቱ።