መግቢያውን ክፈት

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በህዳር ጠዋት፣ ከመኪና ስር በጀርባ መተኛት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቅ አይወቀው። ሲሚንቶው የጀርባህን ሙቀት ይመጥጥሃል። ብረቱ ጣትህን ይነክሳል። አፍንጫህ በቦታው መኖሩን የምታረጋግጠው በእጅህ ዳስሰህ ነው። እኔ ግን በዚያች ቅዳሜ ደስ ብሎኝ ነበር የተኛሁት። የመኪናዬን የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ባለጥርስ ብረቶች የያዘ ሳጥን፣ ዘይቱን በገዛ እጄ ልቀይር ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞዴሏ 1982 ነው፣ በፈረንጅ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ስቆጣት እንኳ አንቱ እያልኩ ነው። ሰሞኑን ከኋላ በኩል ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ የሰማኋት ከደብረ ሲና ስመለስ፣ የጣርማበርን ዳገት ስወጣ ነው። ነዳጅ ስረግጥ "ውውውው" ትላለች፣ ስለቅላት ዝም። ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባማ ድምፁ እጥፍ ሆነ። አምቡላንስ ከኋላዬ የመጣ መስሎኝ ዳር ይዤ አሳለፍኩ። ያለፈ ነገር ግን አልነበረም።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቷት መጣና "ወይ ዘይቱ ሞቷል፣ ወይ ኮሮናው ተበልቷል" አለኝ። ለማታውቁት፣ ኮሮና ማለት ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ብረት ነው። ትንሹ ፒኞ ይባላል። ስሙን ከጣልያን ነው የወረስነው፤ ከበሽታው በፊት ነበረ።

ይህንኑ ግቢ ውስጥ ቆሜ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። "ኮሮና ሊሆን ይችላል አሉኝ። ሁለት ሳምንቷ እኮ ነው ስታቃስት። ከኋላ ነው የሚሰማት።" አከራያችን እማማ ለካ ልብስ እያሰጡ ነበር። ማታ በራችን ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የፈላበት ፔርሙዝ ደጃፋችን ላይ አስቀመጡና ሦስት እርምጃ ወደኋላ አፈገፈጉ። "አይዞሽ ልጄ" አሉ ለባለቤቴ፣ "ያኔም አልፏል።" ባለቤቴ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ታዲያ ለምን ራሴ ልሠራ ተነሳሁ? መካኒኩ የእጁን ዋጋ ነግሮኝ ነዋ። አንድ ሊትር ለማትሞላ ዘይት! የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ነገር ማካፈል ልማዴ ነው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁ። ሥራው ሁለት ቡሎን ነው በቃ። የታችኛውን ትፈታለህ፣ አሮጌው ይወርዳል፣ ትዘጋለህ። በላይኛው አዲሱን ታስገባለህ፣ ሞልቶ በዚያው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ትዘጋለህ። ቪዲዮው ላይ የነበረው ፈረንጅ እጁ እንኳ አልቆሸሸም። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዘይት ቤት ሄድኩ። ሻጩ "90 ቁጥር ነው 140?" አለኝ፣ ውፍረቱን ማለቱ ነው። "90" አልኩት። "የምትጮህ ከሆነች 140 አድርግባት፣ ወፍራም ስለሆነ ድምፁን ያፍነዋል።" ይህ ምክር አልጣመኝም። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሙዝ ጨምረው ጩኸቱን አፍነው መኪና የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ የእሱም ምክር የሙዙ ዘመድ መሰለኝ። ደግሞ በእኛ ብርድ 90ውም ጠዋት ጠዋት እንደ ማር ነው የሚወርደው፤ 140ማ እንደ ቅቤ በማንኪያ ነው የሚዛቀው። ስለዚህ ያንኑ 90፣ ላዩ ላይ "80 ደብሊው 90፣ ጂ ኤል 5" የሚለውን ገዛሁ። (ድምፁ ጠፋ ወይ ለምትሉኝ፣ በጣም ቀንሷል። ባለቤቴ "ጭራሽ የለም" ትላለች። እኔ አሁንም ዳገት ላይ እሰማዋለሁ።)

ቅዳሜ ጠዋት ዘይቱ እንዲሞቅና በደንብ እንዲወርድ እስከ ጠባሴ ነድቼ ተመለስኩ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። በክሪክ አላነሳኋትም፤ የዘይቱ ልክ የሚታወቀው መኪናዋ ሜዳ ላይ እኩል ስትቆም ነው። እኔም ቀጭን ነኝ፣ ከስሯ እገባለሁ። ካርቶን አነጠፍኩ፣ ሳፋ ደገንኩ፣ ቱታዬን ለበስኩ፣ 24 ቁልፍ ጨበጥኩ።

ጎረቤታችን ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ተደግፈዋል። ጋሼ በአሰብ መስመር ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ከጋቢያቸው የሚታየው ዓይናቸውና በትራቸው ብቻ ነው። ብዙ አይናገሩም። አንዴ ከተናገሩ ግን አይደግሙም፣ ችግሩም እሱ ነው።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አሉኝ።

"የዲፈረንሻሏን ዘይት ልቀይር ነው ጋሼ።"

"ጥሩ። መጀመሪያ መግቢያውን ክፈት።"

እዚህ ላይ ስለ ግቢያችን ልንገራችሁ። ሁለት በር አለው። ትንሿ "የሰው በር" ትባላለች። ትልቁ የቆርቆሮ በር ደግሞ፣ መኪና የሚገባበት፣ "መግቢያው" ነው የሚባለው። "መግቢያው ተዘግቷል?" "መግቢያውን ማን ከፈተው?" ስንባባል ነው የምንውለው። ምክንያቱም እማማ ለገና የሚያደልቡት ሙክት አላቸው።

እኔ ደግሞ ምክሩ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። የዲፈረንሻል ዘይት ይገማል። የጥርሶቹን ግፊት እንዲችል ድኝ ያለበት ነገር ስለሚጨመርበት፣ አሮጌው ሲወርድ የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። "አየ ልምድ!" አልኩ በልቤ። "ሽታው እንዲወጣ አየር ክፈት ማለታቸው ነው።" ከስር ወጣሁ፣ ሄጄ መግቢያውን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ እንዳይመለስ ድንጋይ አስደገፍኩት።

"አሁን ይሁን ጋሼ?"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይ ይሞቃሉ። "እህ" አሉ።

የታችኛው ቡሎን ገና ቁልፉን ሳሳርፍበት ተፈታ። ያሳሳተኝ ይህ ነው። "ይቺ ነች ለካ የሚያስከፍሉን?" አልኩ። በጣቴ ሳዞረው ሳዞረው ከእጄ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ገባ፤ ዘይቱም በእጅጌዬ በኩል ወደ ብብቴ ገባ። ሙቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ብርድ አልከፋኝም። ሽታው ግን! ፊቴን ሳዞር አራት እግር በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፍ አየሁ። ሁለቱ የፊት፣ ሁለቱ የኋላ። ከዚያም እንደ ትራስ የተንዘረጠጠ ላት።

"ኧረ ሙክቴን!" አሉ እማማ ከውስጥ።

ቁልፉን መጣል ትዝ አላለኝም። አንድ ሰው አስቡ። ፊቱ ጥቁር ዘይት፣ አንድ እጁ የሚንጠባጠብ፣ በሌላው 24 ቁልፍ የጨበጠ፣ በአስፋልቱ ዳር የሰው ሙክት እያባረረ ሲሮጥ። አንዲት ሴትዮ "በጠራራ ፀሐይ?" አሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ ቀስ ብሎ እየነዳ "ወንድሜ፣ የማን ነው በጉ?" አለኝ። "የእማማ!" አልኩት። "የየትኞቹ እማማ?" አለ። ልክ ነው፣ መልሱ ራሱ ያስጠረጥራል።

ሙክቱ ያን ያህል ላት ተሸክሞ እንዴት እንደሚሮጥ እንጃ። የቆመው ጠላ ቤት ደጃፍ ነው፣ የተደፋ አተላ አግኝቶ። ቀንዱን ያዝኩት። እጄን አሸተተና አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ ካለ ጉተታ ተከተለኝ። ሽታው ራሱን ያዞረው ይመስለኛል።

ስመለስ ጋሼ ሳፋው ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ከዘይቱ በሁለት ጣታቸው ቆነጠሩ፣ አሻሹት፣ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ። "የሚያብረቀርቅ ብረት የለበትም። ኮሮናህ ደህና ነው" አሉኝ። እማማ ይህን ሰምተው "ተመስገን!" አሉ፣ ወደ ባለቤቴ እያዩ። ወዲያው ደግሞ "ዘይቱን እንዳትደፋው፣ የአጥሩን እንጨት እቀባበታለሁ" ብለው ሳፋውን ወሰዱት። ቡሎኔ ውስጡ ነበር። ተመልሼ በእጄ ፈልጌ አወጣሁት።

በበጉ ሰበብ ዘይቱ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወርዷል። የታችኛውን አጥብቄ ዘጋሁ። አሁን የላይኛው።

የላይኛው አልተፈታም።

ትንሽ ገፋሁት። እንቢ። በሁለት እጄ ገፋሁት። እንቢ። እግሬን ጎማው ላይ አስደግፌ፣ የማውቃቸውን ቅዱሳን ጠርቼ ስገፋው ቁልፉ ሾለከና አራቱ አንጓዎቼ ዲፈረንሻሉ ላይ አረፉ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገርኩም። መናገር ስጀምር ባለቤቴ ልጆቹን ወደ ቤት አስገባች። በባትሪ ሳየው የቡሎኑ ማዕዘን መሽረፍ ጀምሯል። ከዚህ በኋላ ብታገል ክብ ይሆናል፣ ክብ ከሆነ ደግሞ ማንም አይይዘውም።

"ጋሼ" አልኩ ከስር ሆኜ፣ "የላይኛው እንቢ አለኝ።"

"የታችኛውንስ?"

"እሱንማ አውርጄው የለ።"

ዝም። በርጩማው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የጋሼ ፊት ተገልብጦ ከመኪናው ጎን ብቅ አለ። "እኔ ምን ብዬህ ነበር? መጀመሪያ መግቢያውን ክፈት አላልኩህም?"

"ከፈትኩት እኮ!"

"የቱን?"

በዘይት በተነከረ ጣቴ ወደ ቆርቆሮው በር አመለከትኩ። ጋሼ በሩን አዩ። ሙክቱን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። የዘይቱን መግቢያ ነው ያሉኝ። የላይኛው መፈታቱን ሳታረጋግጥ የታችኛውን አትነካም። ምክንያቱም እንቢ ቢልህ መኪናህ አሮጌውን ዘይቷን ይዛ ጋራዥ ትሄዳለች። የእኔዋ ግን ባዶ ሆዷን ቆማለች። ብነዳት ኮሮናና ፒኞዋ ብረት በብረት ይበላላሉ። እንዳልሞላት ደግሞ አፏ አልከፈት ብሏል።

በባጃጅ ጋራዥ ሄጄ አንድ ልጅ ይዤ መጣሁ። ዋናው መካኒክ አይደለም፣ ረዳት ነው፤ የቱታው ሱሪ ሌላ አንድ ሰው ይጨምራል። ከስር ገብቶ አየና "የታችኛውን ማን ነው መጀመሪያ የፈታው?" አለ። ማንም አልመለሰም። "በጉ" አሉ ጋሼ።

ልጁ እንደ እኔ ሁለት ጎኑን ብቻ የሚይዝ ክፍት ቁልፍ አላመጣም። ማዕዘኑን ሁሉ ዙሪያውን ጥርቅም የሚያደርግ ቡሶላ ነው ያመጣው። የቡሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ከዚያ፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ከመፍታቱ በፊት በጣም ትንሽ አጠበቀው። ዝገቱ እንዲላቀቅ ነው አለኝ። መያዣው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቶ አስረዘመውና ወደ መፍቻው ሳበው። "ቂጭ!" አለ። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ያስከፈለኝ ገንዘብ ባጃጁ ሲደመርበት መካኒኩ መጀመሪያ ከጠራልኝ ዋጋ በለጠ። ደጋግሜ ደምሬዋለሁ። ልጁም ቱቦውን ትከሻው ላይ ጥሎ በመግቢያው ወጥቶ ሄደ።

አሁን መሙላት። ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም ከላዩ የመኪናዋ ወለል አለ፣ ቢጋደም ደግሞ ይደፋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጎረቤት አለን። "ትልቅ ሲሪንጅ አለኝ፣ ለበግ የትል መድኃኒት የምንግትበት። አዲስ ነው፣ ውሰደው" አለኝ። 60 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ዘይቱን እንዲቀጥን ባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። ውሃው ባለቤቴ ለፀጉሯ ያሞቀችው መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። 1 ሊትር ለ60 ሲካፈል 16 ከምናምን ይመጣል። በቃ፣ ቀዳሁ፣ ከስር ገባሁ፣ ጋትኳት፣ ወጣሁ፣ ቀዳሁ። ጋሼ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። "ስምንት! በርታ፣ ጠጥታልሃለች!"

አሥራ አምስተኛውን ልቀዳ ስወጣ ሙክቱ ከግድግዳው ጥግ ቀና ብሎ አየኝ። ሲሪንጁን አየ። ይህን ዕቃ ያውቀዋል፤ አፉ ውስጥ ምን እንዳደረገ ያስታውሳል። ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። እኔ ልብ አላልኩትም፣ ከስር ገባሁ፣ ገፋሁት። ዘይቱ በቀዳዳው ጠርዝ ተመልሶ መጣና በክርኔ በኩል ወደ ብብቴ ወረደ። አሁን ሁለቱም ብብቶቼ እኩል ሆኑ።

"ሞላ! መግቢያውን ዝጋ!" አሉ ጋሼ።

"ኧረ ሄደ! መግቢያውን ዝጋ!" አሉ እማማ።

በአንድ እጄ ቀዳዳውን ደፍኛለሁ፣ በሌላው ቡሎኑን ያስቀመጥኩበትን እዳብሳለሁ። ጭንቅላቴን ከመኪናዋ ስር አወጣሁና "የትኛውን?" አልኩ።