የዎተር ስኪ የእግር ማሰሪያ ምን ያህል ይጥበቅ?

ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለው ወጣት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ፔፒን ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተጎተተ በውኃ ላይ ሲንሸራተት፣ እግሮቹን ስኪ ከሚባሉት ረጃጅም ጣውላዎች ጋር ያያያዘው በቆዳ ጠፍር ነበር። ዛሬ ጠፍሩ በጎማና በጠንካራ ቡት ተተክቷል። ሆኖም እዚሁ ሚኒሶታ ወደ ሐይቅ ይዣቸው የምሄደው የአገሬ ልጆች ስኪውን ባጠለቁ ቁጥር ማሰሪያው ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ላላ ያለው ቶሎ ስለሚለቅ አደጋ አያደርስም ብለው ያምናሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ላላ ያለ ማሰሪያ የሚያሰጋው እግርን በከፊል ብቻ ስለሚለቅ ነው። ሰው ወደ ፊት ሲወድቅ ተረከዙ ከጎማው ወጥቶ ጣቶቹ ውስጥ ከቀሩ፣ ውኃ የያዘው ረጅም ስኪ እንደ ዲጂኖ እየፈነቀለ ኃይሉን ሁሉ በቁርጭምጭሚቱና በተረከዙ ጅማት ላይ ያሳርፋል። ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ ጨርሶ አይለቅምና፣ ስኪው ወደ ጎን ሲዞር ጉልበት አብሮ ይጠመዘዛል፤ ጣቶችንም ስለሚያደነዝዝ ሰውየው ስኪውን በእግሩ መቆጣጠር ይሳነዋል። ምቾትና ደኅንነት የሚገናኙት ተረከዙ ሳይነሣ፣ እግሩም ወዲያና ወዲህ ሳይል፣ ያለ ሕመም በሚቀመጥበት ልክ ላይ ነው።

ለጀማሪዎች በሚሰጠው ጥንድ ስኪ ይህን ልክ ማግኘት አያስቸግርም። እግሩንም ጎማውንም በውኃ አርሶ፣ የተረከዙን ክፍል መቆለፊያ ከፍቶ ወደ ኋላ ከሳቡ በኋላ፣ እግርን እስከ መጨረሻው አስገብቶ የኋላውን ጎማ ተረከዝ እስኪነካ ወደ ፊት ገፍቶ መቆለፍ ነው። አልገባ ካለ በውኃ የሚሟሟ ማለስለሻ ይቀባል፤ ቫዝሊንና የሞተር ዘይት ግን ጎማውን ያበላሻሉ። አንዱን ስኪ ተራ በተራ የሚጠቀሙ ልጆች በየተራቸው ልኩን እንደገና ማስተካከል ይኖርባቸዋል፤ ይህን ሥራ የሚሰለቹ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሐይቁ ገና ሳይሞቅ ደግሞ ጎማው ስለሚጠነክርና እግርም ስለሚደነዝዝ፣ በሐምሌ የተስማማው ልክ በግንቦት ላይስማማ ይችላል።

ሁለቱንም እግር በአንድ ስኪ ላይ ፊትና ኋላ አድርጎ መቆም ሲጀመር ግን ጉዳዩ ይከብዳል። ሁለቱም እግሮች በሙሉ ቡት የሚታሰሩ ከሆነ ጥብቀታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲቀር የቀረው እግር ከስኪው ጋር ይጠመዘዛልና። የኋላው እግር ጣቶቹ ብቻ በጎማ ቀለበት ሥር የሚገቡበት ዓይነት ደግሞ፣ የፊተኛው በለቀቀ ጊዜ የኋላው ወዲያው እንዲከተል፣ ቀለበቱ ሳብ ሲያደርጉት እግርን በቀላሉ የሚለቅ ይሁን። በእኔ አስተያየት ለመሃከለኛ ተንሸራታች የሚሻለው ይኸኛው ነው። ሲወድቁ ቡቱን ከስኪው በሚያላቅቅ የብረት መልቀቂያ የሚሠራ ጠንካራ ቡት ያለው ሰው የውጥረቱን ቁጥር በአምራቹ መመሪያ መሠረት ከዝቅተኛው ጀምሮ ያስተካክል። ቀጥሎም በደረቅ መሬት ላይ ሌላ ሰው ስኪውን አጥብቆ ይዞለት፣ ቡቱን አጥልቆ ወደ ፊት በመዘንበል መልቀቁን ይፈትን። በመልቀቂያው ውስጥ የገባ አሸዋ ፈተናውን ከንቱ ስለሚያደርገው አስቀድሞ መታጠብ አለበት።

ማሰሪያውን ከስኪው ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች ሁልጊዜ ከመንሸራተት በፊት በካቻቪቴ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሳይወድቁ እግር ከወጣ ወይም ወድቀው ሳይለቅ ከቀረ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በትንሹ ይቀየር፤ ብዙ ነገር አብሮ ከተቀየረ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን በቤታቸው ደጅ በሚሸጡበት በጋራዥ ሴል በርካሽ የሚገኙ አሮጌ ስኪዎችን የሚገዛ ሰው ደግሞ ጎማውን በእጁ ወጠር አድርጎ ይመልከት፤ ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ስኪ ማሰሪያው ሳይቀየር ውኃ ላይ ማውረድ አይገባም፤ አዲሱን ማሰሪያ ከመግዛት በፊትም የብሎን ቀዳዳዎቹ ከስኪው ጋር መግጠማቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።