የብርቱካን ልጣጭ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ነሐሴ ሲገባ ሁሌም ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት መስኮት ላይ ቆሜ ነው የሚመሽብኝ።

ደግነቱ ዛሬ ሥራ ነበረኝ። ከሰዓት እናቴ፣ እቴቴ፣ ትመጣለች። ታናሽዬና ባሏም አሉ፤ እነዚያ ሁለቱ ጓደኞቼ ደግሞ መቼም አይቀሩም። ለቡና ቁርስ ቆሎው ተቆልቷል። እኔ ግን ሰው ሲሰበሰብ ጣፋጭ ነገር ካላቀረብኩ የጎደለብኝ ይመስለኛል። ቤታችን ከምግብ በኋላ ቡና እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም ነበር፤ ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጾሙ ፍልሰታ ነው። ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ነሐሴ 16 እስኪፈታ ድረስ ያለን ፍራፍሬ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ነው የሚለኝ።

ጉልት ላይ ኮክ ደርሷል። ትናንት አንድ ኪሎ ገዛሁ። የኛ ኮክ ትንሽ ነው፣ ጠንከር ይላል፣ ጥሬውን ሲበሉት ጥርስ ያጠርሳል። ለመቀቀል ግን እንዲህ ያለው ነው የሚሻለው፤ ድስት ውስጥ አይፈርስም። የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነከር አድርጌ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ ቆዳው በጣት ብቻ ይላጣል። ሁለት ኩባያ ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ 3 ፍሬ ቅርንፉድ። ቅርንፉዱ ከዚያ ከበዛ ሌላውን ሽታ ሁሉ ይውጠዋል። በዝግታ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጭ እጨምርበታለሁ፤ ብጫው ብቻ፣ በጣም ስስ ሆኖ። ነጩ ከገባ ይመራል።

ብርቱካኑን መላጥ ስጀምር ሽታው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኮኩን ረሳሁት።

ብርቱካን ለኔ ብዙ ዓመት የሆስፒታል ሽታ ነበር። እኛ ቤት ፍራፍሬ የሚገዛው ሰው ሲታመም ነው። ጤነኛ ሰው ቤት ስንሄድ ስኳር ወይም ቡና እንይዛለን። የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል። በጤናችን ጊዜ የምናውቀው ፍራፍሬ ዳቦ ላይ የሚቀባው የመርቲ ማርማላታ ነበር።

አባባ የተኛ ጊዜ 12 ዓመቴ ነው። በመጠየቂያ ሰዓት የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ይገባል። ኮመዲኖው ሞልቶ አልጋው ሥር ተቀመጠ። አባባ ደግሞ መዋጥ እያቃተው ነበር። ዋርዱ በረኪናና ብርቱካን ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ድረስ አለ፤ ዓይኔን ከጨፈንኩ አልጋዎቹን መቁጠር እችላለሁ።

አንድ ቀን እቴቴ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄዳ እኔ አባባ ጋ ቀረሁ። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ተኝተዋል። ጠያቂ የላቸውም። የምታስታምማቸው ልጃቸው ናት። ያንን ሁሉ ብርቱካን አየችና "ይሄ ሁሉ ሊበላሽ ነው እንዴ፣ የኔ ልጅ?" አለችኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። ዝም ብዬ ፌስታሉን ሰጠኋት።

ሁለት ብርቱካን ላጠች። ነጩን ክር አንድ በአንድ አነሳች። በትልቅ የሻይ ኩባያ ውስጥ ቆራርጣ ሙዝ ከተፈችበት። ለሻይ ካስቀመጠችው ስኳር አንድ ማንኪያ ጨመረች፤ ከሌላ ብርቱካን ጭማቂ አፈሰሰችበት። ልበላ እጄን ስዘረጋ "ቆይ፣ ስኳሩ ውሃውን ያውጣው" አለች። ጠበቅን። ከዚያ ማንኪያውን በሙቅ ውሃ እያለቀለቀች ከአልጋ አልጋ ዞረች። ሽማግሌው "ሠርግ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። አባባ ከጭማቂው ሁለት ማንኪያ ዋጠ። በዚያ ሳምንት ከዚያ ሌላ ወደ ሆዱ የገባ ነገር አላስታውስም።

ከሳምንት በኋላ አባባ አረፈ።

ስሟን አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ለሰው የሠራሁት ጣፋጭ ሁሉ ግን ከዚያ ኩባያ የወጣ ነው። ሙዙን ዛሬ ሎሚ አርከፈክፍበታለሁ፤ ያለ ሎሚ ወዲያው ይጠቁራል። አቮካዶም እንደዚያው ነው። አቮካዶ በስኳርና በሎሚ ተመትቶ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ሲቀመጥ ክሬም ያስንቃል፤ ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዷ እሱን ካላገኘች ታኮርፋለች። ፓፓያ ሎሚ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለፈው ፋሲካ ደግሞ ጄላቲን ገዝቼ በጥሬ አናናስ ልሠራ ሞከርኩ። እስከ ማታ ብጠብቅ አልረጋ አለ። ለካ ጥሬ አናናስ ውስጥ ጄላቲኑን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ አናናሱ ቀድሞ ከፈላ ግን ይረጋል። እንግዶቹ በብርጭቆ ጠጡት። ማንም ቅር አላለውም፤ እኔ ነኝ ያዘንኩት።

ጓደኞቼ "የት ተማርሽው?" ሲሉኝ ዩቲዩብ ላይ እላለሁ። እውነቱን መናገር ለምን እንደሚከብደኝ አላውቅም። ከበሽተኛ ክፍል የመጣ ነው ብል የሚቀፋቸው ይመስለኛል። ግን በዚያ ወር ከሳቅንበት ሰዓት እሱ አንዱ ነበር። ምናልባትም ብቸኛው።

እቴቴ ከዚያ ወዲህ ብርቱካን ገዝታ አታውቅም። ሰው ቤት ሲቀርብላትም ትንሽ ወደዚያ ገፋ ታደርገዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን የማውቀው ስለሚመስለኝ ነው።

ኮኩ ትዝ ሲለኝ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኖታል። ለስልሶ ሽሮፑ ወፍሯል። በትንንሽ ኩባያ አድርጌ አቀረብኩት። እቴቴ ኩባያዋን አንስታ አሸተተች። ለአፍታ እንደያዘችው ቆየች።

"ብርቱካን አለበት?"

"ልጣጩ ብቻ ነው፣ እቴቴ። ከፈለግሽ ሌላ..."

ምንም አላለችም። ቀስ እያለች በላችው። ከዚያ ኩባያዋን ወደኔ ገፋ አድርጋ "ካለሽ ጨምሪልኝ" አለች። ጨመርኩላት። ሁሉም ሌላ ወሬ ይዘዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

አሁን ማታ ነው። ሁሉም ሄደዋል። ኩባያዎቹን እያጠብኩ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። ያን ቀን እቴቴ ከቤት ስትመለስ ኩባያው ኮመዲኖው ላይ ነበር ወይስ አልነበረም? ስለዚያች ሴት ያወቀችው ነገር ይኖር ይሆን?