ከጥቁር አዝሙድ የወጣችውን ቢጫ ክሪስታል እንዴት ለየኋት

ለማስተርስ ጥናቴ ከጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን የተባለውን ቢጫ ውህድ አውጥቼ መዋቅሩን በራሴ ዳታ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ውህዱ አዲስ አይደለም፤ ከታወቀ ቆይቷል። አማካሪዬ ግን «መልሱን እያወቁ ስፔክትረም ማንበብ ማንም ይችላል፤ አንቺ እንደማታውቂው ሆነሽ አንብቢው» አለኝ። ስፔክትረም መሣሪያው ስለ ሞለኪውሉ የሚሰጠው የፒኮች ሥዕል ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ የወሰደብኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት አወጣጡ ላይ ነው። የተፈጨውን አዝሙድ ሄክሴን በተባለ ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፌ የወጣውን ዘይት ሳላጣራ ኤንኤምአር (ሃይድሮጅንና ካርቦን በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉበትን ሁኔታ በማግኔት የሚያነብ መሣሪያ) ላይ አስነበብኩት። 1.3 ፒፒኤም (የስፔክትረሙ ዘንግ መለኪያ) አካባቢ የቆመው የቅባቱ ፒክ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። በሁለተኛው ዙር በእንፋሎት አነጠርኩት፤ ቅባቱ እዚያው ቀርቶ የሚተነው፣ ሽታ ያለው ዘይት ብቻ ወጣ። ሲሊካ ጄል ኮለም (ውህዶችን የሚለይ፣ በዱቄት የተሞላ ቱቦ) ላይ ሳወርደው ቢጫዋ መስመር ለብቻዋ ወረደች። ኮለሙን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬዋለሁ፤ ታይሞኪኖን ብርሃን ሲያገኘው ሁለት ሁለቱ ሞለኪውል ይጣመራልና። ቫኪዩም ላይም ብዙ አላቆየሁትም፣ ይተናል።

የሞለኪውሉን ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር 164 ሰጠኝ፦ 10 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ኢንፍራሬድ ላይ 1650 አካባቢ ጠንካራ የካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት) ፒክ አለ። ከቢጫ ቀለሙ ጋር ሲደመር ኪኖን፣ ማለትም ሁለት ካርቦኒል ያለበት የስድስት ካርቦን ቀለበት፣ መሆኑን ጠረጠርኩ።

የሃይድሮጅኑን የኤንኤምአር ስፔክትረም ሳየው ግን ደስ አለኝ። 1.1 ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የስድስት ሃይድሮጅን ፒክ፣ 3.0 ላይ ደግሞ ለሰባት የተሰነጠቀ የአንድ ሃይድሮጅን ፒክ አለ። አንዷ ስድስት ጎረቤት ስላላት ለሰባት ትሰነጠቃለች፤ ስድስቱ አንድ ጎረቤት ብቻ ስላላቸው ለሁለት። አይሶፕሮፒል (ባለ ሦስት ካርቦን ቅርንጫፍ) ማለት ነው። 2.0 ላይ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር)፣ 6.5 እና 6.6 ላይ ሁለት የቀለበት ሃይድሮጅኖች። አንድ ፒክ ግን ቤት አጣ፤ 2.17 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት ቀን ሙሉ ሁለተኛ ሜቲል ላደርገው ስታገል የማሽኑ ቴክኒሺያን አየኝና «ልጄ፣ ቱቦሽን በምን አጠብሽው?» አለኝ። በአሴቶን ነው ያጠብኩት፤ በደንብ ሳይደርቅ ናሙናውን ጨምሬበታለሁ። ፒኩ የአሴቶኑ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መጀመሪያ ናሙናውን የማሟሟበትን ክሎሮፎርም ብቻ በዚያው ቱቦ ሳላስነብብ ናሙና አላስገባም።

ዋናው ጥያቄ ገና ነበር፦ ሜቲሉና አይሶፕሮፒሉ ቀለበቱ ላይ የት የት ተቀመጡ? ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱ የቀለበት ሃይድሮጅኖችም ጎረቤት ሆነው 10 ኸርዝ ገደማ ይሰነጣጠቁ ነበር። አልተሰነጣጠቁም። የቀረው፣ ሁለቱም በአንዱ ካርቦኒል ግራና ቀኝ ናቸው ወይስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካርቦኒል አጠገብ? ይህንን የሚፈታው ሃይድሮጅንን ሁለትና ሦስት ቦንድ ርቀው ካሉ ካርቦኖች ጋር የሚያገናኘው ኤችኤምቢሲ ካርታ ነው። የእንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ዘንግ ሙከራ ሐሳብ ቤልጂጋዊው ዣን ጂነር እ.ኤ.አ. በ1971 አቀረበው፤ ወደ ተግባር ያመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሪቻርድ ኤርንስት በ1991 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኔ እንኳ ካርታዬን እስካነብ ድረስ የዚህን ሐሳብ ትልቅነት አልተረዳሁትም ነበር።

የመጀመሪያ ካርታዬ ሜቲሉንም አይሶፕሮፒሉንም አንድ ካርቦኒል ላይ አሳየኝ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካርቦኒል አጠገብ ከሆኑበት ከሚታወቀው መዋቅር ጋር አይሄድም። ናሙናውን ተጠራጠርኩ፣ እንደገና ኮለም ላወርድም ተነሳሁ። ችግሩ ግን ናሙናው ላይ አልነበረም። የካርቦን ስፔክትረሙ ላይ ሁለቱ ካርቦኒሎች 188.5 እና 187.6 ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 0.9 ፒፒኤም ብቻ። ካርታውን ያስነበብኩት በካርቦኑ ዘንግ 128 ነጥብ ብቻ ወስጄ ነው፤ 220 ፒፒኤም ለ128 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 1.7 ፒፒኤም ይሸፍናል። ሁለት የተለያዩ ካርቦኒሎች አንድ ነጠብጣብ ውስጥ ተደብቀውብኛል።

ነጥቡን ወደ 512 ከፍ አድርጌ ማታ አስገባሁት። ጠዋት ከፍቼ ካርቦኒሎቹ ያሉበትን አካባቢ ብቻ አጉልቼ አየሁ፦ ከአይሶፕሮፒሏ ሃይድሮጅን ትይዩ አንድ ነጠብጣብ፣ ከሜቲሉ ትይዩ ሌላ፣ በሁለት የተለያየ ከፍታ ላይ።