ካርቡሬተሩን ከመንካታችን በፊት፦ ስለ ሆንዳ ሲቢ 750 አራት ካርቡሬተሮች

የድሮ ሞተር ሳይክል ገዝተው እንደ ፍላጎታቸው መልሰው የሚሠሩ ሰዎች፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ሲያመነታ፣ እጃቸው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካርቡሬተሩ፣ ማለትም ነዳጅንና አየርን ቀላቅሎ ለሞተሩ ወደሚሰጠው ክፍል ነው። በተለይ አራት ካርቡሬተሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ሲታዩ ጥፋቱ ሁሉ የእነርሱ ይመስላል፤ ብሎን ይዞራል፣ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ነሐስ) ይቀየራል፣ የቫኪዩም (የአየር ስበት) መለኪያ ይገዛል፣ ሞተሩ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። እኔ አጥብቄ የማምንበት ነገር ማመሳሰል፣ ማለትም አራቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲሠሩ ማድረግ፣ የሥራው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ መሆኑን ነው። ከእርሱ በፊት የሚቀድሙት ሥራዎች ካልተጠናቀቁ፣ ዛሬ የተመሳሰለ የሚመስለው ሞተር ነገ ወደነበረበት ይመለሳል።

የማወራው ስለ አንዲት የታወቀች ሞተር ሳይክል ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ስለተሠራች ሆንዳ ሲቢ 750። ይህ ዓይነት በ1969 ለገበያ ሲቀርብ 736 ሲሲ፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ በአንድ ረድፍ የቆሙ አራት ሲሊንደሮችና ከፊት የዲስክ ፍሬን ይዞ ነበር የመጣው። ፋብሪካው መጀመሪያ በዓመት 1,500 እንደሚሸጥ ቢገምትም፣ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ያ ቁጥር ብዙም ሳይቆይ የአንድ ወር ምርት ሆነ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ 28 ሚሊ ሜትር የኬይሂን ካርቡሬተር አለው። በመጀመሪያው ሞዴል ከመሪው የሚነሣው ጉተታ በአራት ኬብሎች ተከፍሎ አራቱን ተንሸራታቾች (የአየሩን መተላለፊያ የሚከፍቱና የሚዘጉትን ክፍሎች) ይስብ ነበር፤ በኋላ ግን አራቱንም በአንድ ዘንግ የሚያነሣ ማያያዣ ተተካ፤ የእኔም ይኸኛው ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የካፌ ሬሰር መልክ ሰጥቷታል፦ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ መቀመጫዋ ለአንድ ሰው ብቻ፣ አራቱ ማርሚታዎች ወደ አንድ የተሰበሰቡ፣ የአየር ሣጥኑ ወጥቶ በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ ትንንሽ ፊልትሮዎች የተሰኩባት ናት። መልኩ ያምራል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው በመጽሐፉ ላይ ያሰፈራቸው የካርቡሬተር ቁጥሮች የተጻፉት ከነሣጥኗና ከነአራት ማርሚታዋ ለነበረችው ሞተር ሳይክል እንጂ ለዚህችኛዋ አይደለም።

ካርቡሬተሮቹ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ ምልክቱ በዚህ ሞተር ላይ ግልጽ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ) ሲዞር ከፍሪሲዮኑ አካባቢ የብረት መንኳኳት ይሰማል። የክራንኩን ጉልበት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሱት ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው፤ አንዱ ሲሊንደር በርትቶ ሌላው ሰንፎ ሲገፋ ክራንኩ በአንድ ዙር ውስጥ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ሰንሰለቶቹም አንዴ ይላላሉ፣ አንዴ ይወጠራሉ። ይህን ድምፅ ሰምተው ፍሪሲዮኑን በከንቱ የሚያስፈቱ ባለቤቶች ብዙ ናቸው። ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር ከፍ ሲያደርጉት ድምፁ የሚጠፋ ከሆነ ከመፍታት በፊት ማመሳሰሉን መፈተሽ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ ከቫልቭ ይጀምራል። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ የአየር መግቢያው 0.05፣ የጭስ መውጫው 0.08 ሚሊ ሜትር። እነዚህ በጣም ጠባብ ክፍተቶች ስለሆኑ ትንሽ መዛባት እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቩ በደንብ የማይዘጋበት ሲሊንደር የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የቫኪዩም መለኪያውም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ተንሸራታቹ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ብሎ የተከፈተ ካርቡሬተር የሚያሳየውም ያንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ስለሆነ፣ ሠራተኛው «ይህ በዝቷል» ብሎ ተንሸራታቹን ዝቅ ያደርገዋል፤ ድሮም የደከመውን ሲሊንደር ጭራሽ ያደክመዋል ማለት ነው። መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ያለጊዜው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እሳቱ ነው። ሞተሩ ሁለት ፑንቲናዎች (እሳቱ የሚነሣበትን ጊዜ የሚወስኑ መክፈቻ መዝጊያዎች) አሉት፤ አንዱ 1ኛና 4ኛ ሲሊንደሮችን፣ ሌላው 2ኛና 3ኛን ያቀጣጥላል። ክፍተታቸው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ የእያንዳንዱ የእሳት ጊዜ ለብቻው በመብራት ይታያል። እዚህ ላይ በጣም የሚጠቅም አንድ መለያ አለ፦ 1ኛና 4ኛ አብረው፣ ወይም 2ኛና 3ኛ አብረው ከታመሙ ጥፋቱ ከእሳቱ ወገን ነው፤ ካርቡሬተር እንዲህ በጥንድ የሚበላሽበት ምክንያት የለውም። አንድ ሲሊንደር ብቻውን ከሰነፈ ግን ካርቡሬተሩ፣ ካንዴላው፣ ቫልቩ ወይም ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ይጠረጠራል። የሰነፈውን ለማወቅ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሥቶ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አራቱን የጭስ ቱቦዎች ከሲሊንደሩ መውጫ ላይ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር መለካት ይበቃል፤ ከሌሎቹ በግልጽ የቀዘቀዘው እርሱ ነው።

ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኙት ጎማዎች ከ40 ዓመት በላይ ሲሆናቸው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃሉ። በደረቀ ጎማ ጠርዝ የሚገባ አየር ድብልቁን ያሳሳል፤ ነዳጁን ሲለቁትም የሞተሩ ዙር ቶሎ አይወርድም። ብዙዎች ተቀጣጣይ ፈሳሽ ረጭተው ይፈትሻሉ፤ ከጋለ ቱቦ አጠገብ ይህን ማድረግ ለእኔ ተገቢ አይደለም። ውኃ በስሱ ቢረጭም የሚሾልከው ጎማ ድምፁን ለውጦ ራሱን ያሳያል። ጎማዎቹ ውድ ስላልሆኑ በአዲስ መቀየሩ ይሻላል።

ካርቡሬተሮቹን አውርዶ ለማጽዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ትክክለኛውን ካቻቪቴ ይግዛ። የጃፓን ባለ መስቀል ብሎን ከአሜሪካው ጋር ቢመሳሰልም ልኩ የተለየ ነው፤ የአሜሪካው ካቻቪቴ ጫፍ እስከ ታች ስለማይገባ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይንሸራተትና የብሎኑን አፍ ይበላዋል። በጃፓን ደረጃ የተሠራው ጫፍ ግን ሙሉ በሙሉ ይቀመጣል። በገበያ ላይ ከምናያቸው የድሮ ሆንዳዎች አብዛኞቹ የካርቡሬተር ብሎናቸው የተበላው ከዚህ የተነሣ ነው። ውስጡ ከተከፈተ በኋላ ዋናው ጉዳይ የሚኒሞው ጄት ነው። ቀዳዳው ከፀጉር ብዙም የማይሰፋ በመሆኑ፣ 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት የዛሬው ቤንዚን ለአንድ ክረምት ሲቀመጥ የሚተወው አረንጓዴ ቅሪት ይዘጋዋል። ጄቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ጠርዙ የተሸራረፈ ወይም ጭጋግ የለበሰ ከሆነ ገና አልጸዳም። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ በብረት ሽቦ መወጋት የለበትም። በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ 26 ሚሊ ሜትር ላይ ተለክቶ፣ አራቱም በአንድ ዓይነት ልክ መቀመጣቸው ይረጋገጣል።

ከመግጠም በፊት በጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የመጀመሪያ ማመሳሰል አለ። 3 ሚሊ ሜትር የመሰርሰሪያ ጫፍ በለስላሳው ግንዱ በኩል ከእያንዳንዱ ተንሸራታች ሥር ይገባል፤ የሚኒሞው ማስተካከያ ብሎን አራቱንም ወደዚያ ከፍታ ካመጣ በኋላ፣ በየካርቡሬተሩ አናት ላይ ያለው ዳዶ ላልቶ ጫፉ በአራቱም በእኩል መጠን እየነካ እስኪያልፍ ይስተካከላል። ዓይን ከሚለየው ይልቅ ጣት የሚለየው ይበልጣል።

የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነው፤ የምኖርበት ከተማም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በአሜሪካ የምትገኘው ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ጄት ለሚገባው አየር የሚበዛ ነዳጅ ይሰጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,355 ሜትር ስለሆነች ችግሩ እዚያ ይብሳል፤ ጥቁር ጭስ የሚተፋ፣ ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ጥላሸት የሚለብስ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ያለው አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ የዋናውን ጄት ቁጥር ይመልከት። በእኔዋ ላይ ግን ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። የአየር ሣጥኑ መውጣትና ማርሚታዎቹ ወደ አንድ መሰብሰባቸው ሞተሩ በቀላሉ እንዲተነፍስ ስለሚያደርጉ የበለጠ ነዳጅ ይጠይቃሉ፤ ከፍታው ደግሞ ያነሰ ይጠይቃል። ፋብሪካው 105 ቁጥር የሰጠው ዋና ጄት እኔ ዘንድ 110 ላይ ረግቷል፤ ያው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከተማ ቢሆን ኖሮ ከዚያም የሚበልጥ በፈለገ ነበር። ይህን ቁጥር ሌላ ሰው እንዳለ እንዲወስደው አልመክርም።

ጄት ሲመረጥ ማወቅ የሚገባው፣ ነዳጅ መስጫው በተለያየ መጠን ሲከፈት የተለያየ ክፍል እንደሚሠራ ነው። እስከ አንድ ስምንተኛ ሲከፈት የሚኒሞው ጄትና የአየር ብሎኑ ይሠራሉ፤ እስከ ሩብ የተንሸራታቹ ግርጌ ቅርጽ፣ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ በተንሸራታቹ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ፣ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። በመያዣው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፎ እነዚህን ቦታዎች በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ግምትን ያስቀራል፦ ሞተሩ የሚያመነታው የት ላይ እንደሆነ በግልጽ ስለሚታወቅ የሚነካውም ያ ክፍል ብቻ ይሆናል። በዚህ ዓመት ሞዴል ላይ ያለው ብሎን የአየር ብሎን ስለሆነ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ድብልቁን ያበለጽጋል፣ ሲላላ ያሳሳል፤ በኋለኞቹ የ1977 እና 1978 ካርቡሬተሮች ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። መነሻው አንድ ሙሉ ዙር ማላላት ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የቫኪዩም መለኪያው ይወጣል። ከማንኛውም ነገር በፊት አራቱ መለኪያዎች እርስ በርስ መስማማታቸው መታየት አለበት፤ አራቱን በየተራ በአንዱ ሲሊንደር ላይ ብቻ እየሰኩ ቁጥራቸውን መጻፍና ልዩነታቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ርካሽ መለኪያ በራሱ ልዩነት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ያልፈተሸ ሰው ሞተሩን ሳይሆን የመለኪያዎቹን ስሕተት ያመሳስላል። የነዳጅ ታንኩ ስለሚነሣ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ትንሽ ዕቃ በቱቦ ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ይቆማል፤ የጋራዡ በርም ወለል ብሎ መከፈት አለበት፣ የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ይዟልና።

በሲሊንደሩ አናት፣ በአየር መግቢያው በኩል ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ወጥተው በምትካቸው የመለኪያው ቱቦዎች ይገባሉ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር የመለኪያዎቹ መርፌዎች በእያንዳንዱ የፒስተን ስበት ስለሚርገበገቡ፣ ቱቦው ላይ ያለው ማጥበቢያ መርፌው ስስ ንዝረት ብቻ እስኪቀረው ድረስ ይዘጋል። መጽሐፉ ከ16 እስከ 24 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ይላል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ3 መብለጥ የለበትም። በከፍታ ቦታ ንባቡ በጠቅላላው ዝቅ ስለሚል የመጀመሪያው ቁጥር አያስደንግጥ፤ የሚፈለገው እኩልነቱ ነው። ንባቡ ዝቅ ያለው ተንሸራታች በጥቂቱ ይወርዳል፣ ከፍ ያለው ይነሣል። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ፣ ካቻቪቴውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ዳዶውን ማጥበቅና እንደገና ማንበብ የግድ ነው። ከዚያ ሞተሩን ወደ 3,000 ዙር አንሥቶ መልቀቅ፣ መርፌዎቹ ወደዚያው ቦታ መመለሳቸውን ማየት ይገባል። ካልተመለሱ ማያያዣው ዘንግ ላይ የተበላ ቦታ ወይም የሚይዝ ተንሸራታች አለ። አራቱ ሲገናኙ ከፍሪሲዮኑ ይመጣ የነበረው መንኳኳት ሲጠፋ በጆሮ ይሰማል፤ በመላው ሥራ ውስጥ የምወደው ደቂቃ ይህ ነው። ሚኒሞው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጊዜ ከፍ ስለሚል ወደ 900 ዙር ገደማ ይመለሳል፤ የአየር ብሎኖቹ እንደገና ይታዩና መለኪያው ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል።

የመንገዱ ፈተና ከዚህ ይቀጥላል። ጸጥ ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍቶ ጥቂት ከነዱ በኋላ ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን በዚያው ማጥፋትና ዳር ላይ ቆሞ ካንዴላዎቹን መፍታት ዋናው ጄት ስለሚሠራበት ሁኔታ ያስረዳል። ቡናማ ቀለም ደኅና ነው፤ የነጣ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ፒስተን ሊያቃጥልም ይችላል፤ ጥላሸት ከሆነ በዝቶበታል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ሲወጡ ሎቭላንድ ማለፊያ 3,655 ሜትር ይደርሳል፤ ለከተማው በልክ የተሠራ ካርቡሬተር እዚያ ላይ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ሞተሩም ከብዶት ይታፈናል። ለሁለቱም ቦታ የሚሆን አንድ ጄት የለም። አብዛኛው ጉዞዬ ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሆነ ጄቶቹን ለዚያ መርጫለሁ፤ ከዚያ በላይ ስወጣ ማርሽ ቀንሼ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ሳልከፍት አልፋለሁ።