ከፍራንክፈርት እስከ ሮም በባቡር፦ የ10ኛ ዓመታችን ጉዞ

የተጋባነው ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ድሬዳዋ ነው። እሑድ ነበር። ዘንድሮ 10 ዓመት ሞላን። በዓሉን ከምንኖርበት ከፍራንክፈርት ተነስተን በባቡር እስከ ሮም በመጓዝ አከበርነው። ስምንት ቀን፣ አራት ማረፊያ። ልጆቹን እህቴ ያዘችልን። ከተመለስን ወዲህ ጓደኞቻችን ‹‹እንዴት አደረጋችሁት?›› እያሉ ስለጠየቁኝ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ገንዘቡ የእቁብ ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች አስር ሆነን የምንጥለው እቁብ አለ። ዕጣው በመስከረም ደረሰን። ሶፋውን ልንቀይርበት ነበር ያሰብነው። ባለቤቴ ግን ‹‹ይቺ ለዕቃ አትሄድም›› አለ። እውነቱን ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። የሱ ሥራ ደግሞ የሌሊት ነው። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። አዲስ ሶፋ ብንገዛስ መቼ አብረን ልንቀመጥበት?

ባቡር የመረጥነውም ለዚሁ ነው። ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የሚታጠብ ሰሃን የለ፣ የሚደወል ቀጠሮ የለ። በዚያ ላይ ባለቤቴ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ልጅ ነው። አባቱ ነፍሳቸውን ይማርና የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የባቡር ነገር ሲነሳ ፊቱ ይበራል።

የመጀመሪያው እቅዴ ሰባት ከተማ ነበረው። ዙሪክ፣ ሚላን፣ ቬሮና፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ኔፕልስ። ካርታው ላይ ሲታይ ያምራል። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ ዝም አለና ‹‹እኛ መቼ ነው የምናርፈው?›› አለኝ። ቆጠርኩት። በየቀኑ ማለት ይቻላል ሻንጣ መዝጋት፣ ከሆቴል መውጣት፣ አዲስ ሆቴል መፈለግ አለ። ቀደድኩትና እንደገና ጀመርን።

ሁለተኛው እቅድ የተሠራው በአንድ ስምምነት ነው። አንድ ቦታ እሱ ይመርጣል፣ አንድ ቦታ እኔ እመርጣለሁ። አንዱ የመረጠውን ሌላው ‹‹ለምን?›› አይልም። ሦስተኛውን አብረን እንመርጣለን። ሌላው ሁሉ መንገድ ላይ የምናድርበት ብቻ ነው። እሱ ተራራ አቋርጦ እስከ ጣሊያኗ ቲራኖ የሚወርደውን የስዊዘርላንድን የበርኒና ባቡር መረጠ። እኔ ቬኒስን። ሮምን ሁለታችንም ፈለግናት። ስለዚህ ስዊዘርላንድ ኩር ላይ አንድ ሌሊት፣ ሚላን አንድ ሌሊት፣ ቬኒስ ሁለት፣ ሮም ሦስት ሆነ። ከጉዞው ሁሉ ከጠቀመን ነገር ይህን ስምምነት አስቀድማለሁ። ፍሎረንስን በመዝለላችን አንዳችንም አልቆጨንም።

ቲኬቱን በኅዳር መጀመሪያ ገዛሁ። የረጅም መንገድ ፈጣን ባቡር አስቀድሞ ሲገዛ በጣም ይረክሳል። ርካሹ ቲኬት ግን በዚያው ባቡር ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ሰዓት አይቀየርም። እንደ ቲራኖ–ሚላን ያለው የአካባቢ ባቡር ደግሞ ዛሬም ተገዛ ነገ ዋጋው ያው ነው። ለሱ አስቀድሞ መጨነቅ አያስፈልግም። ጣሊያን ውስጥ የዚህ ዓይነት ባቡር የወረቀት ቲኬት የያዘ ሰው ግን ከመሳፈሩ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት አለበት። ካልተመታ ቅጣት አለው። በአውሮፓ ነዋሪ ለሆነ ሰው የሚሸጠውን፣ በአንድ ክፍያ ብዙ ባቡር የሚያሳፍረውን የኢንተርሬይል ማለፊያም አስልቼ ነበር። የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ማለፊያ ላለውም ሰው ለወንበር ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ለኛ ለአራት ቀን መንገድ አላዋጣም። በጠቅላላው ለሁለታችን ለባቡር የወጣው ወደ 360 ዩሮ ነው።

ወረቀት ላይ ቸል አትበሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ስዊዘርላንድም ጣሊያንም ያለ ቪዛ ይገባል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የሸንገን አገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን ካርዱ ብቻ አይበቃም፤ ፓስፖርቱም መያዝ አለበት። ድንበሩ ላይ ባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል ፖሊሶች ገብተው ሁለቱንም ጠየቁን። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሰው ብዙ ሌሊት የሚያድርበት አገር ኤምባሲ ነው የሚያመለክተው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚገባበት አገር ይሆናል። ማመልከቻ ከ6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ። ስለዚህ የማደሪያውን ቁጥር ሳትወስኑ ቪዛ መጀመር አይቻልም።

ትልቁ ስህተቴ የቀን ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ ጃንዋሪ 24 ተብሎ ስለተጻፈ ቬኒስ ውስጥ ለጃንዋሪ 24 የራት ቦታ ያዝኩ። ዘንድሮ ግን ጥር 15 የዋለው ጃንዋሪ 23 ነው። የተጋባን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ከነበራት በኋላ የገባ ስለሆነ አዲስ ዓመቱ በሴፕቴምበር 12 ነው የገባው፤ የዘንድሮው በ11። በአንድ ቀን ተንሸራተተ ማለት ነው። ይህን ያየሁት ልንሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ነው። ጃንዋሪ 24 ደግሞ ሮም ነን። ምግብ ቤቱን ለ23 ብጠይቅ ሞልቷል። ማታውን ሳለቅስ አመሸሁ። ባለቤቴ ‹‹እንግዲያው ሁለት ጊዜ እናክብረው›› አለ። የበዓሉን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ሳትጽፉ ምንም ነገር አትያዙ።

ማክሰኞ፣ በጥምቀት ማግስት ተነሳን። የመጀመሪያው ባቡር 50 ደቂቃ ዘገየ። ባዝል ስንደርስ የሚቀጥለው ሄዷል። እኔ ደነገጥኩ። ግን ከፍራንክፈርት እስከ ኩር ያለውን በአንድ ቲኬት ስለገዛሁ ተጨማሪ ሳንከፍል በሚቀጥለው ተሳፈርን። በተለያየ ቲኬት ገዝቼው ቢሆን ኪሳራው የራሴ ነበር። ኩር ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን ደረስን። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መድረሻው ላይ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ ለዘገየ የቲኬቱን 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ ደግሞ 50 በመቶ መጠየቅ ይቻላል። በሦስት ወር ውስጥ ነው የሚጠየቀው። የማታውን የመጨረሻ ባቡር ያለመምረጤም አዳነን፤ ከኋላችን ገና ሌሎች ባቡሮች ነበሩ።

ረቡዕ የሱ ቀን ነው። በዚህ መስመር ትልልቅ መስኮት ያላቸው ለቱሪስት የተሠሩ ፉርጎዎች አሉ። ወንበር አስቀድሞ በክፍያ ይያዛል፤ መስኮቱም አይከፈትም። ባለቤቴ ግን የአገሬው ሰው የሚሳፈርበት ተራ ባቡር በዚያው ሐዲድ እንደሚሄድ ደርሶበት ነበር። ወንበር መያዝ አያስፈልግም። ሳንክት ሞሪትዝ ላይ መቀየር ብቻ ነው። መስኮቱ የሚከፈት ቦታ አግኝተን በቀኝ በኩል ተቀመጥን። ጾም ስለሆነ ቆሎና ዳቦ ይዤ ነበር፤ ሻይ በፔርሙስ።

ላንድቫሰር የሚባለው ድልድይ ላይ ስንደርስ ክንዴን ጨበጠኝ። ከሸለቆው 65 ሜትር ከፍ ይላል። ድልድዩ ተጠማዝዞ ይሄድና ቀጥ ያለ ገደል ፊት ያበቃል። ባቡሩ ከድልድዩ በቀጥታ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ‹‹ይሄ ያለቀው በ1902 ነው›› አለኝ። ‹‹ባቡር ድሬዳዋ የደረሰበት ዓመት ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ።›› ሳንክት ሞሪትዝ ስንወርድ ደግሞ መድረኩ ጫፍ ቆሞ ሐዲዱን ያይ ጀመር። ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድም አንድ ሜትር ነበር። ‹‹የአባቴ ሐዲድ ልክ ነው›› አለ። እጁን ዘርግቶ በዓይኑ ለካው። አስር ዓመት አብሬው ኖሬ ስለ አባቱ ሥራ የሰማሁት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ቀን ካወራልኝ አይበልጥም።

ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒዚዮ በርኒና ይባላል፤ 2,253 ሜትር ላይ ነው። ሐይቁ በበረዶ ተሸፍኖ ነጭ ሜዳ መስሏል። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ባልቴት ከፍታው እንዳያመን ተጨንቀው ጠየቁን። ባለቤቴ ‹‹የአገራችን ዋና ከተማ ከዚህም ትበልጣለች›› ሲላቸው አላመኑም። ስልካቸውን አውጥተው አዩና ሳቁ። ከዚያ ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ እስከ ጣሊያኗ ቲራኖ። ጥርስ ያለው ሐዲድ የለውም፤ እንዲሁ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ብሩዚዮ ላይ ድልድዩ ራሱ ክብ ነው። ባቡሩ ዞሮ በራሱ ድልድይ ሥር ያልፋል። በመስኮት የራሳችንን ባቡር ጅራት አየን።

ሚላን ለማደር ብቻ ነበር። የክረምቱ ኦሎምፒክ ጥር 29 ሊጀመር ስለነበር ከተማው ሽር ጉድ ላይ ነው። ከጣቢያው አጠገብ አድረን በጠዋት ወጣን።

ቬኒስ ሁለት ጣቢያ አላት። ሜስትሬ የብስ ላይ ነው፤ ሳንታ ሉቺያ ደሴቷ ላይ። ቲኬት ስትገዙ የትኛው እንደተጻፈ እዩ። ሜስትሬ ያሉ ሆቴሎች ይረክሳሉ፤ እኔም መጀመሪያ እዚያ ይዤ ነበር። ለሁለት ሌሊት ብለን ደሴቷን ስላደረግነው ደስ ይለኛል። ከሳንታ ሉቺያ በር ስትወጡ መኪና የለም። ደረጃው ይወርድና ውኃው እዚያው እግራችሁ ሥር ነው። ጀልባዎች እንደ ታክሲ ይመላለሳሉ። እዚያ ደረጃ ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እሱም አላጣደፈኝም።

ሻንጣ ካልኩ አይቀር፣ ድልድዮቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ደረጃ ናቸው። ሆቴላችን እስክንደርስ አራት ድልድይ ተሻገርን። ራሳችሁ በአንድ እጅ የማታነሱትን ሻንጣ አትያዙ። የኔ ከብዶ እሱ ሁለቱንም ተሸከመ፤ ማታ ወገቡን ሳሽለት ነበር።

ጥር 15 ዓርብ ዋለ። የጾም ቀን ነው። ማሪናራ የሚባል ፒዛ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ። አይብ የለውም። ስሙ የባሕር ቢመስልም ዓሣም የለውም። ከአንዲት ጠባብ ቤት ሁለት ገዝተን ቦይ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን። ብርዱ ይቆረጥማል። ነጠላዬን ለሁለታችን ደረብኩት። የተያዘው ምግብ ቤት ቀርቶ ይህ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በማግስቱ ማታ ሮም ገብተን የፈረንጁን በዓል በሥጋ አከበርነው።

ሮምን ብዙዎች ያውቋታል፤ እኔ የምነግራችሁ ስለ ጣቢያው ነው። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ በደመሰሱት ጦር ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች የተሰጠ ስም ነው። ትንሽ እልፍ ብሎ በዛፎች መሐል ከግብፅ የመጣ ሐውልት ቆሟል፤ የዶጋሊ መታሰቢያ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ለገሃር ፊት ለፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅሎ አምጥቶ ያቆመው እዚህ ሐውልት ዘንድ ነው። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እዚሁ ነው። አንበሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ዛሬ ቦታው ላይ አለ።

ሰኞ ጃንዋሪ 26 ነበር። የዶጋሊ ጦርነት የተደረገው በ1887 እ.ኤ.አ. በዚያው ቀን ነው። ይህን እኔ አላቀድኩትም። ባለቤቴ ግን ያውቅ ነበር። አባቱ ለአንድ ሥራ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ለገሃር አንበሳው ሥር ቆመው የተነሱት ፎቶ አለን፤ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ከሐውልቱ ፊት ልክ እንደ አባቱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና ‹‹አንሺኝ›› አለኝ።

ፎቶውን ድሬዳዋ ለእናቱ ላክንላቸው። ወዲያው ደወሉ። ‹‹አንበሳውስ የታለ?›› አሉ።

‹‹ቤቱ ገብቷል፣ እማዬ›› አላቸው።